የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን ቆሻሻ እንዴት እንለያለን?

የአትክልት ልጣጭን በፌስታል ቋጥሮ መጣል የተለመደ ነው። ልጣጩ ብቻውን እርጥብ አፈር ውስጥ ቢገባ በሳምንታት ውስጥ ቅርጹን ያጣል፤ ከወራት በኋላ ከአፈሩ አይለይም። በፌስታል ተቋጥሮ ሲጣል ግን አየር አጥቶ ይገማል እንጂ አፈር አይሆንም። ፌስታሉም በልጣጩ ጭማቂ ተለውሶ እንደገና ወደ ጥሬ ዕቃነት ለመቀየር የማይመች ይሆናል። አንዱ ቋጠሮ ሁለቱንም አበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ቆሻሻ መለየት ያለበት ከእጅ ሳይወጣ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ መልሶ መለየት አድካሚ ነው፤ ለሚለየውም ሰው አደገኛ ነው።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከሚጣለው የከተማ ደረቅ ቆሻሻ 44 በመቶው የምግብ ተረፈ ምርት፣ ቅጠልና ሣር ነው። ይህ ክፍል በትክክል ከተለየ ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል።

መበስበስ ማለት መበላት ነው

ባክቴሪያና ፈንገስ አፍ የላቸውም። ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖችን ወደ ውጭ ያመነጫሉ፤ ኢንዛይሞቹ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች ይቆራርጣሉ፤ ተሕዋስያኑም የደቀቀውን ይመገባሉ። ስኳርና ስታርች ቶሎ ይቆረጣሉ። ሴሉሎስ፣ ማለትም የወረቀት፣ የጥጥና የቅጠል ዋና አካል፣ ይዘገያል። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን ደግሞ የባሰውን ይዘገያል፤ እሱን በደንብ የሚያፈርሱት የተወሰኑ ፈንገሶች ናቸው። ቅጠል በወራት ሲያልቅ ወፍራም ግንድ ዓመታት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃ፣ ማዕድንና ሁመስ የሚባለው ጥቁር ቅሪት ነው።

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢቲሊን እጅግ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። ፋብሪካ ሊያመርተው የሚችልበት መንገድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በተፈጥሮ ውስጥ ሰንሰለቱን በሚረባ ፍጥነት የሚቆርጥ ኢንዛይም የለም ማለት ይቻላል። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፒኢቲ የሚመገብ ባክቴሪያ መገኘቱን የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቀዋል፤ ሆኖም የሠራው በቤተ ሙከራ፣ በስስ ሽፋን ላይ፣ በሳምንታት ቆይታ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለ ጠርሙስን አይመለከትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ መሰባበር መበስበስ አይደለም። ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይበጣጠሳል። ከዓይን መጥፋቱ ግን ተበላ ማለት አይደለም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቁራጭ፣ ማይክሮ ፕላስቲክ የሚባለው፣ ሆኖ አፈርና ውሃ ውስጥ ይቀራል። ብረት መዛጉም ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር የሚፈጠር ኬሚካዊ ለውጥ እንጂ መበስበስ አይደለም። መስታወትም አይበላም።

ሁለተኛው ነጥብ ቦታ ነው። የሚበሰብስ ነገር የሚበሰብሰው እርጥበት፣ አየር፣ ሙቀትና ተሕዋስያን ባሉበት ብቻ ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ራትጄ የተባሉት አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመሩት የቆሻሻ ጥናት በኋላ ወደ ቁፋሮ ተሸጋግሮ ነበር። የተደፈኑ የቆሻሻ መጣያዎች ሲቆፈሩ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተቀበሩ ጋዜጦች ሳይጠፉ፣ ጽሑፋቸው እየተነበበ ወጥተዋል። ወረቀት የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ታምቆ፣ ደርቆና አየር አጥቶ ሲቀበር ግን ይቆያል። በዚያው ጥልቀት እርጥበት ያገኘ የምግብ ቆሻሻ ደግሞ አየር በማይፈልጉ ተሕዋስያን ይበላና ሚቴን ያመነጫል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት የሚያምቅ ጋዝ ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ሲይዙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ተሕዋስያን ሊበሉት ይችላሉ? እኔስ የምጥለው ሊበሉት በሚችሉበት ቦታ ነው?

በቤት ውስጥ የሚደረጉ ሙከራዎች

ልጣጭና ጠርሙስ ለመለየት ሙከራ አያስፈልግም። የሚያስቸግሩት ወረቀት የሚመስሉ ፕላስቲኮችና በፕላስቲክ የተለበጡ ወረቀቶች ናቸው።

መቅደድ፦ ወረቀቱን ቀስ ብለው ቀደው የተቀደደውን ጠርዝ ይመልከቱ። ጠርዙ በሙሉ የቃጫ ጸጉር ካወጣ ንጹሕ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ተቀዶ ስስ ሽፋን እየተለጠጠ ከቀረ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው።

መጨበጥ፦ የሚያብረቀርቅ መጠቅለያን በጡጫዎ ጨብጠው ይልቀቁት። እንደተጨማደደ ከቀረ አሉሚኒየም ነው። ተመልሶ ከተዘረጋ ብረት የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ የብስኩትና የቺፕስ መጠቅለያዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

መዘፍዘፍ፦ የወረቀት ኩባያን ቆራርጠው ለ24 ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቆዩትና በጣትዎ ይሹት። ወረቀቱ እንደ ሊጥ ይፈታል፤ ሽፋን ካለው ግን ስስ ፕላስቲኩ በእጅዎ ላይ ይቀራል። ትኩስ መጠጥ የሚይዙ ኩባያዎች አብዛኞቹ ሽፋን አላቸው፤ ያለዚያ ውሃ ያሾልኩ ነበር። ወተትና ጭማቂ ሳይበላሽ ለወራት የሚያቆየው ካርቶን ደግሞ በግምት ሦስት አራተኛው ወረቀት፣ ሌላው ፖሊኢቲሊንና ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ከወረቀት ጋር አይቀላቀልም።

መቧጨር፦ ደረሰኝን በጥፍርዎ ፈጠን አድርገው ይፋቁት። ጥቁር መስመር ከወጣ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ ቢስፌኖል የሚባል ኬሚካል ስላለበት ብስባሽ (ኮምፖስት) ውስጥም ሆነ ለዳግም ምርት ከሚሰበሰብ ወረቀት ጋር አይገባም።

ማንሳፈፍ፦ ይህ ፕላስቲክን ከፕላስቲክ ለመለየት ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ፣ አንድ ጠብታ ሳሙና በገባበት ውሃ ውስጥ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁ። ሳሙናው የሚያስፈልገው የአየር አረፋ ተጣብቆ ዕቃውን በሐሰት እንዳያንሳፍፈው ነው። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ። ፒኢቲ፣ ፒቪሲና ጠንካራው ፖሊስታይሪን ይሰምጣሉ። አረፋማው ነጭ ፎም በውስጡ ባለው አየር ስለሚንሳፈፍ ሙከራው አይሠራበትም። ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥርም የፕላስቲኩን ዓይነት ይነግራል፤ 1 ፒኢቲ፣ 2 ጠንካራ ፖሊኢቲሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ለስላሳ ፖሊኢቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን፣ 7 ሌላ። ቁጥሩ ዓይነቱን ብቻ ይናገራል፤ እንደገና ይመረታል የሚል ዋስትና አይሰጥም።

አቃጥሎ በሽታው ወይም በነበልባሉ መለየትን የሚመክሩ አሉ። አይሞክሩት። ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቃጥል ሃይድሮጂን ክሎራይድ ያወጣል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባሉ መርዞችም ሊፈጠሩ ይችላሉ።

እርግጠኛው ሙከራ፦ ቀብሮ ማየት

አንድ መጠቅለያ በእርስዎ አፈር ውስጥ ይበሰብስ እንደሆነ ለማወቅ 3 ወር ይበቃል። መጠቅለያውን 5 በ5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ሦስት ቁራጭ ይቁረጡ። በተመሳሳይ መጠን ሦስት ቁራጭ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅም ያዘጋጁ። አንድ ቁራጭ መጠቅለያና አንድ ቁራጭ ጥጥ ጎን ለጎን በፕላስቲክ መረብ ከረጢት ውስጥ ያስገቡ፤ መረቡ ስለማይበሰብስ ቁራጮቹን መልሶ ለማግኘት ይረዳል። እንዲህ ሦስት ከረጢት ሠርተው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ተክል በሚበቅልበት አፈር ውስጥ ይቅበሩና ቦታውን በችካል ምልክት ያድርጉበት። አፈሩ እንዳይደርቅ ውሃ ያጠጡት፤ አያጥለቅልቁት። አንዱን ከረጢት በ4ኛው፣ ሁለተኛውን በ8ኛው፣ ሦስተኛውን በ12ኛው ሳምንት ያውጡ።

መጀመሪያ ጥጡን ይመልከቱ። ጥጡ እንደነበረ ከሆነ አፈሩ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ ወይም ተሕዋስያን ያነሱበት ነው፤ ስለ መጠቅለያውም ምንም ማለት አይቻልም። ጥጡ ተበልቶ መጠቅለያው ካልተነካ እዚያ አፈር ውስጥ በእነዚያ ወራት አይበሰብስም። መጠቅለያው ከላላ፣ ቀዳዳ ካወጣና የፈንገስ ክር ከያዘው እየተበላ ነው። ጠርዙ ስለታም ሆኖ እንደ ቅርፊት ከተሰባበረ ግን የፈራረሰ ፕላስቲክ ነው። በብዛት የሚፈጠረው ስሕተት ጥጡ ላይ ነው፤ ከፖሊስተር የተቀላቀለ ጨርቅ ከተወሰደ ጥጡ ብቻ ተበልቶ የፖሊስተሩ ክር እንደ መረብ ይቀራል፣ ውጤቱንም ያዛባል።

የሚያሳስቱ ዕቃዎች

የሲጋራ ቁራጭ ጥጥ ይመስላል፤ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ነው። እርጥብ መጥረጊያዎች ጨርቅ ወይም ሶፍት ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ፖሊስተር አለባቸው፤ መጸዳጃ ውስጥ ሲጣሉም ቧንቧ ይዘጋሉ። የሻይ ከረጢት ብዙ ጊዜ ጠርዙ በፖሊፕሮፒሊን የተጣበቀ ስለሆነ ቀደው ቅጠሉን ብቻ ብስባሽ ውስጥ ይጨምሩ። ማስቲካም መሠረቱ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ከቃጫ የተፈተለ ጆንያ ይበሰብሳል፤ እሱን የሚመስለው ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ግን ከፖሊፕሮፒሊን የተሸመነ ነው፤ ፀሐይ ሲበላው ክሩ እየተበጣጠሰ በእርሻ ውስጥ ይበተናል። ዳይፐር ከውስጡ ካለው የእንጨት ቃጫ በቀር ፕላስቲክና ውሃ የሚመጥ ፖሊመር ነው። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ እንጨትም እንጨት ስለሆነ ብቻ ብስባሽ ውስጥ አይገባም።

«ባዮ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ከረጢቶች ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉና። አንደኛው ከተክል ተሠርቶ የማይበሰብስ ነው፤ ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ ፖሊኢቲሊን ከነዳጅ ከተሠራው በምንም አይለይም። ሁለተኛው በፋብሪካ ደረጃ በሚዘጋጅ ብስባሽ ውስጥ ብቻ የሚበሰብስ ነው፤ ፒኤልኤ የሚባለው ዋነኛው ምሳሌ ሲሆን 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት ለሳምንታት ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ የጓሮ ክምር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት የሚለካው ይህንኑ ነው፤ በ12 ሳምንት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀር፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል። ሦስተኛው «ኦክሶ» የሚባለው ነው፤ ተራ ፕላስቲክ ላይ መሰባበርን የሚያፋጥን ቅመም ተጨምሮበት የተሠራ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ የከለከለው ይሰባበራል እንጂ ስለማይበሰብስ ነው። የመስፈርት ቁጥር የሌለበትን «ባዮ» ጽሑፍ እንደ ተራ ፕላስቲክ ይቁጠሩት።

ሦስት መያዣ

ለአንድ ቤተሰብ ሦስት መያዣ ይበቃል። የመጀመሪያው ለሚበሰብሰው የሚሆን፣ ክዳን ያለው 10 ሊትር ገደማ ባልዲ ነው። ሥሩ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ቅጠል ወይም የተጨማደደ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ ፈሳሹን ይመጥለታል። በፌስታል አይሸፍኑት። ሙቀት ባለበት ቦታ በየ2 ቀኑ ይድፉት፤ የዝንብ እንቁላል በሙቀት ቶሎ ስለሚፈለፈል አንድ ቀን ማሳለፍ እንኳ ልዩነት አለው።

ሁለተኛው ለማይበሰብሰውና እንደገና ለሚመረተው ነው፦ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ። ደረቅ ወረቀትና ካርቶንም ይበሰብሳሉ፣ ንጹሕ ከሆኑ ግን እዚህ ይሻላቸዋል። ዕቃውን በትንሽ ውሃ ያለቅልቁና አድርቀው ያስገቡ። የምግብ ቅባት የነካው ካርቶን ለወረቀት ምርት አይሆንም፤ ቆራርጠው ወደ ብስባሹ ይውሰዱት። አሉሚኒየምን እንደገና ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማምረት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባልና ትንሿን ጣሳ እንኳ አይናቁ። ማግኔት የሚስበው ቆርቆሮ፣ የማይስበው ቀላል ጣሳ አሉሚኒየም ነው።

ሦስተኛው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ የሚቀመጥ ጠንካራ ሣጥን፣ ለአደገኛው ነው፦ ባትሪ፣ አምፖል፣ ቀለም፣ ፀረ ተባይ፣ መድኃኒት፣ መርፌ። የሊቲየም ባትሪ ጫፎችን በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ከብረት ጋር ሲነካኩ እሳት ያስነሳሉና። ረጃጅሞቹና የተጠማዘዙት የፍሎረሰንት አምፖሎች ሜርኩሪ አለባቸው። ከተሰበሩ ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ መስኮት ተከፍቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይናፈስ። ከዚያ ስብርባሪውን በጠንካራ ወረቀት ሰብስበው፣ ቀሪውን በእርጥብ ወረቀት ጠርገው ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ይዝጉ። መጥረጊያም ሆነ የኤሌክትሪክ ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ዱቄቱን አየር ላይ ይበትነዋል።

የሚበሰብሰውን በትክክል ማበስበስ

የተለየው ቆሻሻ ተመልሶ ከተደባለቀ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ የብስባሽ ክምር ያስፈልጋል። ተስማሚው መጠን በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት 1 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ከሆነ መሐሉ አየር ያጣል።

ተሕዋስያኑ ለኃይል ካርቦን፣ ለሰውነታቸው ናይትሮጂን ይፈልጋሉ። ጥሩው ምጣኔ ለ1 ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 ካርቦን ነው። የወጥ ቤት እርጥብ ቆሻሻና የታጨደ እርጥብ ሣር ከ15 እስከ 20 ለ1፣ ደረቅ ቅጠል ከ40 እስከ 80 ለ1፣ ጭድ 80 ለ1 አካባቢ፣ ሰጋቱራ ግን በመቶዎች ለ1 ነው። በተግባር ለአንድ ባልዲ እርጥብ ቆሻሻ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ይመጣጠናል። ሰጋቱራ ከሆነ ጥቂት እፍኝ ብቻ፤ ከበዛ ናይትሮጂኑ አልቆ ክምሩ ይቆማል።

ሁሉንም ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። ከሥር 15 ሴንቲ ሜትር ጭራሮ፣ በላዩ ደረቅ፣ ከዚያ እርጥብ እያደረጉ ይደርድሩ፤ በየድርብርቡ ጥቂት እፍኝ አፈር ወይም ያለቀ ብስባሽ ይበትኑ፣ ውሃም ያርከፍክፉ። ከላይ ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን። እርጥበቱን ለመለካት አንድ እፍኝ አጥብቀው ይጭመቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከተንዠቀዠቀ በዝቷል፣ እጅዎን ሲከፍቱ ከተበተነ ደርቋል።

ሥጋ፣ አጥንት፣ የወተት ተዋጽኦና ዘይት ይበሰብሳሉ፤ ይሁን እንጂ አይጥና ዝንብ ስለሚጠሩ ክፍት ክምር ውስጥ አይግቡ። የውሻና የድመት እዳሪም እንዲሁ፣ የጥገኛ ትል እንቁላልና በሽታ ሊይዝ ይችላልና። ፀረ አረም የተረጨ ሣርም አይጨመር፤ አንዳንዶቹ ኬሚካሎች በማበስበስ አይጠፉም፣ በኋላ ብስባሹ የተደረገበትን አትክልት ይጎዳሉ።

በትክክል የተሠራ ክምር ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይሞቃል፤ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ የብረት ዘንግ መሐሉ ድረስ አስገብተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጡት፤ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ሥራው ላይ ነው። ከ70 ዲግሪ ካለፈ ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን መሞት ስለሚጀምሩ ወዲያው ያገላብጡት። በሽታ አምጪዎችንና የአረም ዘርን ለማጥፋት ለክፍት ክምር የሚሠራበት መለኪያ ቢያንስ 15 ቀን በ55 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ 5 ጊዜ ማገላበጥ ነው። ሲገለበጥ የውጩ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ዳሩ ብቻውን አይሞቅምና።

ክምሩ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ በመንሽ ገልብጠው ደረቅ ነገር ይጨምሩ። ዓይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ካለ ናይትሮጂኑ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ይኸው ደረቅ ቅጠል ነው። ካልሞቀና ካልሸተተ ወይ ደርቋል ወይ እርጥብ ቆሻሻ አንሶታል ወይ ክምሩ ትንሽ ነው። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቋል። እንደ አመድ ነጭ ነገር ሲታይ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ እሱ ግን ጠንካራውን የተክል ክፍል የሚያፈርሱት ተሕዋስያን ነውና ይተዉት።

ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ክምሩ ይቀዘቅዛል፣ ጥቁር ይሆናል፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። አንድ ወር ያህል ሳይነኩት እንዲረጋ ያቆዩት። ከዚያ በአንድ ዕቃ ብስባሽና አፈር ደባልቀው፣ በሌላው አፈር ብቻ አድርገው 10፣ 10 ዘር ይዝሩ። ብስባሹ ያለበት በግልጽ ካነሰ ገና አልበሰለም፤ ተክል ሥር ላይ ከተደረገ ሥሩን ያቃጥላል፣ ናይትሮጂንም ይሻማል።

በመጨረሻ 1 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረው ጭራሮ ወደ አዲሱ ክምር ይመለሳል። ሌላውን አንድ በአንድ እያነሡ ይመልከቱት፦ የፍራፍሬ ስቲከር፣ የሻይ ከረጢት መረብ፣ የካርቶን ማጣበቂያ ፕላስተር፣ የስቴፕለር ሽቦ፣ የፌስታል ቁራጭ። እያንዳንዱ ባልዲው ላይ ሲጣል ያልተለየ ዕቃ ነው። ስሙን በወረቀት ጽፈው ከባልዲው ክዳን ላይ ይለጥፉት፣ ቀጣዩ ክምር ሲነፋም ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው እንደጠፋ ያረጋግጡ።